ለረጅም ርቀት ተኩስ ሬንጅፋይንደር (በሌዘር ርቀት የሚለካ ዕቃ) ምረጡልኝ (ኮሎራዶ፣ በጀት 600 ዶላር)

የአውሮራው_ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ናችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ሳልጠይቅ መግዛት አልፈለኩም። ዴንቨር ጎን አውሮራ ነው የምኖረው። ቲካ ቲ3ኤክስ ጠመንጃ በ6.5 ክሪድሙር ጥይት አለችኝ፣ ስኮፑ (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) የተከፋፈለው በሚል (የማዕዘን መለኪያ) ነው፣ ዜሮዋ፣ ማለትም ሳላስተካክል የምትመታበት ርቀት፣ 100 ያርድ። የተኩስ ሜዳ ላይ ርቀቱ በሰሌዳ ተጽፎ ስለሚገኝ እስከ 600 ያርድ ደህና ነኝ፣ የጥይቱን አወራረድ የሚያሰላው የስልክ አፕ የሚለኝን አይቼ ተሬቱን (የስኮፑን ማስተካከያ) አዞራለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ የብረት ዒላማው ይጮሃል፣ አለቀ።

ችግሩ ባለፈው ቅዳሜ መጣ። የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰብ ፓውኒ ግራስላንድ አጠገብ መሬት አላቸው፣ እዛ ሄደን ባለ 12 ኢንች የብረት ዒላማ ሜዳው ላይ ተከልንና በመኪና ራቅን። እሱ ኦንላይን በርካሽ የገዛት ሬንጅፋይንደር ነበረችው። አንዴ 540 አለች፣ ደግመን ስንጫናት 612፣ ሶስተኛ 538፣ ከዛ በኋላ ሰረዝ ብቻ (አልለካሁም ማለት ነው)። 612ቱን አምኜ ተኮስኩ፣ በላይ አለፈና አቧራው ከኋላ ተነሳ። በ540 አድርጌ ስተኩስ መታሁ። አሁን ለጥቅምት የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) ታግ፣ የማደኛ ፈቃድ፣ ደርሶኛል፣ የመጀመሪያዬ ነው። ብረት ብስት ምንም አይደል፣ እንስሳ ግን ሆዱን መትቼው ጫካ ለጫካ ሲንከራተት እንዲያድር አልፈልግም።

እስካሁን ያየኋቸው ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ 2000፣ ያገለገለ ሲግ ኪሎ 2400፣ ላይካ ሲአርኤፍ (በጀቴን ያልፋል ግን ካሳመናችሁኝ እጠብቃለሁ)። የዕቃዎቹ ማሸጊያ ሳጥን ላይ 1000፣ 2000፣ 5000 ያርድ ምናምን ይላል። እኔ ከ700 በላይ የመተኮስ ሐሳብ የለኝም፣ ታዲያ 1000 ሚለውን ብገዛ አይበቃኝም? ደሞ ባይኖኩላር ውስጥ የተገጠመውን ልግዛ ወይስ ለብቻው ያለውን?


ጌች_ዳላስ

ወንድሜ ብዙ አትጨነቅ፣ ትልቁን ቁጥር ግዛ። 5000 ሚለው ሁሌም ከ2000 ይሻላል። እኔ እዚህ ቴክሳስ የመንገድ ምልክት ከአንድ ማይል በላይ ሆኜ ለክቼ አውቃለሁ።


ዲሞትፈር

ጌች የኔ ወንድም አትቀየመኝና ይሄ በቁጥሩ ግዛ የሚባለው ምክር ነው የብዙ ሰው ገንዘብ የበላው። የመንገድ ምልክት ብርሃን እንዲመልስ ተብሎ የተቀባ ነገር ነው፣ አጋዘን ግን ቡናማ ጠጉር ነው፣ ብርሃኑን ይውጠዋል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ለሚያብረቀርቅ ነገር ያለው ርቀት ነው። ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ ለዛፍ እና ለአጋዘን ሌላ ቁጥር አለ፣ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ምሳሌ ልስጥህ፣ የቮርቴክስ ሬንጀር 1800 ለአጋዘን የተጻፈለት 900 ነው። ዳይመንድባክ 2000 ለአጋዘን 1400። ፊውሪ ኤችዲ 5000 ደሞ ለአጋዘን 1600። አየህ፣ ሳጥኑ ላይ የ3000 ያርድ ልዩነት ያላቸው ሁለት ዕቃዎች እንስሳ ላይ ሲደርሱ ልዩነታቸው 200 ያርድ ነው።

ስለዚህ ልጄ 1000 ሚለው አይበቃህም። ሳጥኑ 1000 ካለ ቀትር ላይ ፀሐይ እየወረደበት እንስሳ ላይ ግማሹን ካገኘህ ጥሩ ነው። ለ700 ያርድ ተኩስ የአጋዘኑ መስመር ላይ ቢያንስ ከ1000 በላይ የሚል ፈልግ።

ይሄ ግን ግማሹ ነገር ነው፣ ዋናው ጨረሩ ነው። ዕቃው ሌዘር ይልካል፣ ሌዘሩ ነገር ነክቶ ይመለሳል፣ ዕቃው የሄደበትንና የተመለሰበትን ጊዜ ይቆጥራል። ለ1 ያርድ ደርሶ መልስ 6 ናኖ ሰከንድ ግድም ነው የሚወስደው፣ እሱን መቁጠር ላይ ዛሬ ርካሹም ውዱም ያን ያህል አይራራቁም። የሚራራቁት ጨረሩ ምን ላይ አርፎ ነው የተመለሰው የሚለው ላይ ነው። ሌዘር ሲባል ሰው እንደ ክር ቀጭን ሆኖ የሚሄድ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም፣ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ነው ሚሄደው። 1 ሚል ማለት በ1000 ያርድ ላይ 1 ያርድ ነው፣ 36 ኢንች። ያንተ 12 ኢንች ብረት በ540 ያርድ ላይ 0.6 ሚል ብቻ ነው የሚይዘው። የጓደኛህ ዕቃ ጨረር 2 ሚል ስፋት ቢኖረው እዛ ርቀት ላይ 39 ኢንች ሆኗል ማለት ነው፣ ብረቱን የሚነካው ጥቂቱ ነው፣ የቀረው አልፎ ኋላ ያለውን ጉብታ ይመታል። 612 ያለህ ጉብታው ነው። ዕቃው አልዋሸህም፣ ያልጠየከውን ነገር ነው የለካልህ።

ሜዳ ላይ ደሞ ይብሳል። ቆመህ ዓይንህ ከመሬት 2 ያርድ ከፍ ቢል፣ 1000 ያርድ ላይ ያለውን መሬት የምታየው በ2 ሚል ዝቅታ ነው። ከላይ ወደታች 1 ሚል ብቻ የሆነ ጥሩ ጨረር እንኳን እዛ ሜዳ ላይ ከ800 ያርድ እስከ 1330 ያርድ ያለውን ሳር በሙሉ ነው የሚያለብሰው። ከዛ ውስጥ የትኛው ሳር እንደመለሰልህ በምን ታውቃለህ? ፓውኒ ደግሞ እንደ እጅ መዳፍ ሜዳ ነው። እዛ አካባቢ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ፈልገህ ለካ።


የአውሮራው_ልጅ

ጋሽ ዲሞትፈር እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም። እሺ የጨረሩ ስፋት የት ነው የሚጻፈው? ያየሁት ዕቃ ገጽ ላይ የለም። ደሞ እርስዎ የትኛውን ነው የሚይዙት?


ዲሞትፈር

አንዳንዱ ፋብሪካ ስፔክ (የዕቃው ዝርዝር መግለጫ) ላይ በሚሊራዲያን፣ ሚል በምንለው ማለት ነው፣ ይጽፈዋል፣ ሁለት ቁጥር ነው፣ አንዱ ወደ ጎን አንዱ ወደ ላይ፣ ምክንያቱም የብዙዎቹ ጨረር ክብ ሳይሆን እንደ መጠቅለያ ሳጥን ጎኑ የረዘመ ነው። ጭራሽ የማይጽፉም አሉ፣ እነሱን በኢሜይል ጠይቃቸው፣ ካልነገሩህ እለፋቸው። እኔ ለራሴ ቬክትሮኒክስ ቴራፒን ኤክስ ነው የያዝኩት፣ የስዊስ ኩባንያ ዕቃ ነው፣ ግን ካንተ በጀት በጣም ስለሚበልጥ ግዛ አልልህም። አንተ ለምትተኩስበት ርቀት አያስፈልግህም። ትርፍ ብር ካለህ ጥይት ግዛበት።


ሚኒሶታዊት

ሰላም ሁላችሁም። እኔ ኤንአርኤል ሃንተር የሚባል፣ አደንን የሚመስል የተኩስ ውድድር እተኩሳለሁ፣ እዛ ርቀቱን ማንም አይነግርህም። ፉጨቱ ሲነፋ 4 ደቂቃ አለህ፣ በዛ ውስጥ ዒላማውን በዓይንህ ፈልገህ ታገኛለህ፣ ትለካለህ፣ ቦታ ይዘህ ትተኩሳለህ። ስለዚህ ሬንጅፋይንደር የሚያስጨንቅ ቦታ ምን እንደሚያደርግ በደንብ አይቻለሁ።

አንደኛ፣ የትኛውንም ግዛ ግን ትራይፖድ ላይ የሚቀመጥበት ነገር አብረህ ግዛ። ይሄን ሰው ይንቀዋል። የሰው እጅ ምንም ቢረጋ በ6 ወይም በ7 እጥፍ ሲያጎላ ዕቃው ውስጥ የምታያት የማነጣጠሪያ ሳጥን ዒላማው ላይ ትጨፍራለች። ስትጫነው ደግሞ ጣትህ ራሱ ዕቃውን ወደታች ይስበዋል። የ300 ዶላሩ ዕቃ ትራይፖድ ላይ ሆኖ ከ1000 ዶላሩ ዕቃ በእጅ ከተያዘው ይሻላል፣ ይሄን በራሴ ሞክሬዋለሁ፣ ባለቤቴም ሞክሯል።

ሁለተኛ፣ ባይኖኩላር ወይስ ለብቻው ላልከው፣ ለውድድር ባይኖኩላር ውስጥ ያለው ነው፣ ምክንያቱም ዒላማውን ባገኘህበት ዓይን ሳትነቅል ትለካለህ። እንስሳ ፍለጋም እንደዛው ነው። ግን በ600 ዶላር ጥሩ መስታወትም ጥሩ ሌዘርም አንድ ላይ አታገኝም፣ አንዱ ይጎድላል። አሁን ባይኖኩላር ካለህ ለብቻው ያለውን ግዛና በሚቀጥሉት ዓመታት ታድጋለህ።

ሶስተኛ፣ ቁጥሩ የሚጻፍበት ቀለም። ጥቁር ኤልሲዲ የሆነው ሲመሽ አይነበብም፣ ከጫካው ጥላ ጋር ይደባለቃል። እንስሳ ደሞ የሚወጣው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ቀይ የሚያበራውን ግዛ፣ ብርሃኑ ግን መቀነስ የሚችል ይሁን፣ አለዚያ ጨለማ ውስጥ ራሱ ቀዩ ዓይንህን ያጠፋዋል።


ኦስሎ_ነኝ

ከኖርዌይ ነው የምጽፈው፣ ጥያቄ አለኝ፣ በቅንነት ውሰዱልኝ። እኛ ጋ ትልቅ እንስሳ ለማደን በየዓመቱ ፈተና አለ፣ በ100 ሜትር 5 ጥይት ትተኩሳለህ፣ አምስቱም 30 ሴንቲሜትር ክብ ውስጥ መግባት አለባቸው፣ ከዛ በፊት ደሞ 30 ጥይት ልምምድ መተኮስህ ይመዘገባል። ሰው በ100ና በ150 ሜትር ነው የሚያድነው። ታዲያ እንስሳ ላይ 700 ያርድ ለምን አስፈለገ? ብረት ከሆነ ይገባኛል፣ ነፍስ ያለው ነገር ግን ጥይቱ አየር ላይ እያለ አንድ እርምጃ ቢራመድስ?


የአውሮራው_ልጅ

ኦስሎ ወንድሜ ትክክል ነህ፣ 700 ያልኩት ለብረቱ ነው። ለኤልኩ ለራሴ 400 ላይ ወስኛለሁ። እዚህ ቦታው ክፍት ስለሆነ 100 ያርድ መጠጋት አንዳንዴ አይቻልም።


ዲሞትፈር

400 ጥሩ ወሰን ነው፣ በዛው ጽና። ኦስሎ ያነሳው ነገር ከሬንጅፋይንደሩ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ላስቀምጥ። በ6.5 ክሪድሙር ባለ 140 ግሬን አረር፣ ርቀቱን በ10 ያርድ ብትስት፣ 300 ያርድ ላይ ጥይቱ ከ1 ኢንች ያነሰ ነው የሚዛነፈው፣ ምንም ማለት አይደለም። 600 ላይ ከ2 ኢንች ትንሽ ይበልጣል። 1000 ላይ ወደ 5 ኢንች ይሆናል። የ308 ጥይት የምትተኩስ ሰው ከሆንክ 1000 ላይ ወደ 7 ኢንች አድርገው። ከላይ ያየኸው የ70 ያርድ ስህተት ግን እንኳን 600 ላይ፣ በቅርቡም እንስሳ ያቆስላል። ሬንጅፋይንደር የሚያድንህ ከ10 ያርዱ ሳይሆን ከ70ው ነው።

ደሞ ይሄን አትርሱ፣ ሬንጅፋይንደር ንፋስ አይለካም። 1000 ያርድ ላይ በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ንፋስ ይችኑ የ6.5 ጥይት ከ1.5 እስከ 2 ሚል ይገፋታል፣ ያ ከ50 ኢንች በላይ ነው። ሰው 1800 ዶላር ለሌዘር ከፍሎ ሳሩ ወዴት እንደተኛ ሳያይ ይተኩሳል። በኛ አገር ድሮ ምንሽር ይዞ በረሃ የወረደ ሰው ርቀቱን በዓይኑ ይገምት ነበር፣ አቧራውንና ሳሩን ግን ሳያይ ቃታ አይስብም።


ቀለህ

ርቀት በዓይን መገመት ከተነሳ፣ ስኮፕህ በሚል ከሆነ ያለ ሌዘርም መለካት ትችላለህ እኮ። የነገሩን ቁመት በኢንች ታውቃለህ፣ በ27.78 ታባዛዋለህ፣ ሬቲክሉ (ስኮፑ ውስጥ ያሉት የመለኪያ መስመሮች) ላይ ባነበብከው ሚል ታካፍለዋለህ፣ ያርድ ይወጣል። የአጋዘን ደረት ከጀርባ እስከ ሆድ 18 ኢንች ብትለው እና 1 ሚል ከያዘ 500 ያርድ ነው። ባትሪ አያልቅም ጭጋግ አያግደውም። ሰው ሁሉ ዕቃ ላይ ተደገፈ።


ሚኒሶታዊት

ቀለህ ማወቁ ጥሩ ነው፣ እኔም ለመጠባበቂያ ተምሬዋለሁ። ግን ያንኑ ምሳሌ 1 ሚል ሳይሆን 0.9 ብለህ ብታነበው 555 ያርድ ይልሃል። 0.1 ሚል ማለት በሬቲክል ላይ ፀጉር ናት፣ እሷን በመሳት 55 ያርድ ሳትክ። በዛ ላይ አጋዘኑ 18 ነው ወይስ 16 ኢንች ማን ነገረህ? ቁመቱን የምታውቀው ብረት ላይ ይሠራል፣ እንስሳ ላይ ሌዘሩ እምቢ ካለ መቅረብ ነው፣ ካልተቻለ መተው።


ቀለህ

ልክ ነሽ፣ እንስሳ ላይ ብቻውን አይበቃም።


አዳማ_88

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ ማንም እንዳይደገምበት። ቬጋስ ነው ያለሁት፣ ከከተማ ወጣ ብለን ስንተኩስ ባትሪ ቀየርኩና ሴቲንግ ውስጥ ስገባ ሳላውቀው ከያርድ ወደ ሜትር ቀየርኩት። 600 አለኝ። 600 ሜትር 656 ያርድ ነው፣ አፑ ግን ያርድ ነው የሚያውቀው። ሶስት ጥይት ተራ በተራ ከአንድ ጫማ በላይ ዝቅ ብሎ አፈር ላይ ወደቀ፣ እኔ ስኮፑ ተበላሸ ብዬ ዜሮዬን ልነካ ነበር። አገር ቤት ያደግን ሰዎች ጭንቅላታችን በሜትር ስለሆነ ቁጥሩ አይከብደንም፣ ለዛ ነው ያልነቃሁት። ከመተኮስህ በፊት ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ፊደል እያት።


ዲሞትፈር

አዳማ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው ያነሳኸው። እግረ መንገዴን ተራራ ላይ ለሚያድኑ፣ አቀበትና ቁልቁለት። ወደ 30 ዲግሪ ቁልቁል ስትተኩስ በሌዘሩ መስመር 400 ያርድ ያለው ነገር አግድም ርቀቱ 346 ነው፣ ጥይቱን የምትይዝለት ለ346ቱ ነው። አብዛኛው ዕቃ ይሄን ራሱ አስልቶ ያሳያል። ግን የባሊስቲክ አፕ የምትጠቀሙ ሰዎች አንዴ ያስተካከለውን ቁጥር አፑ ውስጥ አስገብታችሁ ዲግሪውንም ደግማችሁ እንዳታስገቡ፣ ሁለቴ ተቀነሰ ማለት ነው። አፑ ውስጥ የሚገባው ሌዘሩ የለካው ቀጥታ ርቀት እና ዲግሪው ነው።

አየሩም አለ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል 5280 ጫማ ላይ ነው። የአየር ግፊቱን ከስልክ የአየር ሁኔታ ላይ ብታነብ 30 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ይልሃል፣ እሱ ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ቁጥር ነው። ቦታው ላይ ያለው ትክክለኛው ግፊት 24.7 አካባቢ ነው። አፑ ውስጥ 30ውን ካስገባህ 1000 ያርድ ላይ ከግማሽ ሚል በላይ ትስታለህ፣ ከዛ ደህናውን ሬንጅፋይንደር ትሰድባለህ። ኬስትሬል (በእጅ የሚያዝ የአየር ሁኔታ መለኪያ) ካለህ ስቴሽን ፕሬዠር፣ የቦታው ግፊት፣ የሚለውን ነው የምታነበው።


የአውሮራው_ልጅ

ጋሼ ይሄ እኮ ነው የኔ ችግር! አፔ ላይ 30.1 ነው ያለው፣ አሁን አየሁት። 600 ላይ ትንሽ ከፍ የሚልብኝ ነገር ነበር፣ የበርሜሉ ይመስለኝ ነበር። በጣም አመሰግናለሁ።


ሐረር_በር

ሰላም፣ ጥያቄዬ ከአደን ውጪ ነው። ገና ላይ አገር ቤት እገባለሁ፣ አጎቴ የእርሻ መሬት ርቀት ሚለካበት ነገር አምጣልኝ አለኝ። እንደዚህ ዓይነት ሬንጅፋይንደር ይዤ ብገባ ችግር አለው?


ኦስሎ_ነኝ

እኔ ባትወስደው እላለሁ። ጓደኛዬ ተራ ባይኖኩላር ይዞ ሲገባ ፈቃድ የለህም ተብሎ እዛው አስቀርተውበታል፣ ሲወጣም አላገኘውም። ሬንጅፋይንደር ደሞ ከባይኖኩላርም በላይ ጥርጣሬ ያመጣል። ከአሜሪካ ስታወጣውም ለአንዳንዶቹ ሞዴሎች የኤክስፖርት ሕግ አለ። ለመሬት ከሆነ ለአጎትህ የ50 ሜትር የጨርቅ ሜትር ወይም ስልክ ላይ በጂፒኤስ የሚለካ አፕ ይበቃዋል፣ ለእርሻ ከዛ በላይ ትክክለኛነት አያስፈልገውም።


ሐረር_በር

ተባረክ፣ ተውኩት በቃ።


ሚኒሶታዊት

አውሮራ፣ ከመግዛትህ በፊት ወይም ከገዛህ በኋላ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ይሄን ሞክር። ለኔ ከብራንድ ምርጫ በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ሬንጅፋይንደር ውስጥ የምታያት ሳጥን ወይም ክብ ጨረሩ አይደለችም፣ ምልክት ናት። ጨረሩ ራሱ ከሳጥኑ ትንሽ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ በማንኛውም ብራንድ፣ ውዱም ላይ ያጋጥማል፣ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ነው። ስለዚህ ሲመሽ ወይም ደመና ሲሆን 200 ወይም 300 ያርድ ላይ ያለ ቀጭን ነገር ፈልግ፣ ኋላው ሰማይ ብቻ የሆነ፣ የመብራት እንጨት ወይም የመንገድ ምልክት ከኮረብታ ጫፍ ላይ። ዕቃውን ትራይፖድ ላይ አስረው። ሳጥኑን ከእንጨቱ በስተግራ አርቀህ ጀምርና እየተጫንክ ቀስ እያልክ ወደ ቀኝ ሂድ። ሰማይ ላይ ስለሆነ ሰረዝ ነው የሚያሳይህ። ቁጥር ሲጀምር ሳጥኑ የት እንዳለ አስተውል፣ ቁጥሩ ሲጠፋም እንደዛው። በዛ መሃል ነው ጨረሩ ያለው። ከዛ አግድም የሆነ ነገር፣ የጣሪያ ጠርዝ ምናምን፣ ፈልገህ ወደ ላይና ወደ ታች ድገመው። ወረቀት ላይ ሳጥኑን ሳልና ጨረሩን ሳልበት። የኔ ከሳጥኑ ታችኛው ጠርዝ ላይ ነው ያለው፣ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ዓመት ከዒላማው ፊት ያለውን ሳር ስለካ ኖሬአለሁ። አሁን ሳጥኑን ዒላማው አናት ላይ አድርጌ እለካለሁ፣ አለቀ።

አንድ ጊዜ ለክተህ ደግሞ አትመን። ሶስቴ ለካ፣ ከዛ ከዒላማው አጠገብ ያለ ትልቅ ነገር፣ ድንጋይም ቁጥቋጦም፣ ለካ። ሶስቱም ከተስማሙና አጠገቡ ያለውም ከቀረበ ትተኩሳለህ። ጫካ ውስጥ ከሆንክ ላስት (የመጨረሻው) የሚለውን ሞድ አድርገው፣ ከፊት ያለውን ቅጠል ዘሎ የኋለኛውን ይሰጥሃል። ሜዳ ላይ ኋላው ጉብታ ካለ ደሞ ፈርስት (የመጀመሪያው) የሚለውን አድርገው። ቅዳሜ ዕለት ፈርስት ላይ ብትሆን ኖሮ 612ን ላታይ ትችል ነበር።


ጌች_ዳላስ

እህቴ ዛሬ ማታ ይሄን ሞከርኩት የቤተክርስቲያኑ ፓርኪንግ መብራት ላይ። የኔ ወደ ቀኝ ወጥቷል፣ የሳጥኑን ግማሽ ያህል። አራት ዓመት ይዤዋለሁ። በቁጥሩ ግዛ ያልኩትን አንስቻለሁ።


የአውሮራው_ልጅ

ሰዎች ከሶስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ፣ ሪፖርት ላድርግ።

ከላይ ከተጠቀሱት አንዱን ያገለገለ ገዛሁ፣ 7 እጥፍ፣ ቀይ ቁጥር ያለው፣ ለአጋዘን ከ1000 በላይ የተጻፈለት። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም ምክንያቱም ሚኒሶታዊት እንዳለችው እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ስለሆነ ሰው በኔ አንድ ዕቃ ብራንዱን እንዳይፈርድበት። በተረፈው ብር ትራይፖድ ላይ የሚያስቀምጠውን ገዛሁ፣ 5 ፓኬት ጥይት ገዛሁ። የመብራት እንጨቱን ፈተና ሠራሁት፣ ጨረሩ ከሳጥኑ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ቀኝ ነው፣ ካርድ ላይ ሥዬ የጠመንጃው ሰደፍ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከዛ ባለፈው ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ራተን ኒው ሜክሲኮ ወረድን፣ ዊቲንግተን ሴንተር የሚባል የተኩስ ማዕከል፣ ከዴንቨር ሶስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። እዛ ነጭ ጎሽ የሚሉት ሙሉ ጎሽ የሚያህል ብረት አለ፣ ከመተኮሻው 1123 ያርድ ነው፣ ስለዚህ ዕቃህ ልክ መሆኑን የምትፈትንበት ጥሩ ቦታ ነው። በእጄ ይዤ ስለካው መጀመሪያ ሰረዝ፣ ከዛ 1180 አለኝ፣ ኋላው ያለው ኮረብታ ነው። ትራይፖድ ላይ አድርጌ በካርዱ መሠረት ሳጥኑን ወደ ታችና ወደ ግራ ትንሽ አወረድኩት። 1122። ደገምኩ 1123። ደገምኩ 1123። ባልደረባዬ ያችን ዕቃውን አምጥቶ አጠገቤ ሆኖ ሞከረ፣ ሰረዝ ብቻ። ግፊቱን በትክክል አስገብቼ፣ ንፋሱን ባልደረባዬ እያየልኝ፣ በአራተኛው ጥይት ጎሹ ጮኸ። ድምፁ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፣ ልቤ ቆሞ ነበር የጠበኩት።

እንስሳ ላይ ይሄን ርቀት አልሞክርም፣ 400ው እንዳለ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ጥቅምት ላይ ተራራው ላይ ሌሊት በጣም ይበርዳል፣ ዕቃው በሲአር2 ባትሪ ነው የሚሠራው፣ ብርድ ላይ ይደክማል ይባላል። ጃኬቴ ውስጥ ደረቴ ላይ ልያዘው?


ዲሞትፈር

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። አዎ ደረትህ ላይ ያዘው፣ ትርፍ ባትሪም ሱሪ ኪስህ ውስጥ አይጥፋ። ግን ዕቃህ ሙቀት የሚለካ ከሆነና ያንን ቁጥር ለስሌቱ የሚጠቀምበት ከሆነ ከደረትህ ሲወጣ የሚያነበው የሰውነትህን ሙቀት ነው፣ ውጪ ከዜሮ በታች ሆኖ እሱ 25 ይልሃል። ሙቀቱን በእጅህ አስገባለት። ካልሆነም ከደረትህ አውጥተህ ቦታ ስትይዝ ቦርሳው ላይ 15 ደቂቃ አስቀምጠው።


ሚኒሶታዊት

መስታወቱንም ከደረትህ ስታወጣ እንፋሎት ይይዘዋል፣ አትተንፍስበት። ጨርቅ ያዝ። እና ፎቶ አምጣልን።